«ዘፈን ያለበት ፊልም አልወድም» ለምትሉ፦ ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ

የድሮ_ፊልም

እዚህ ቤት የሙዚቃ ፊልም በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ሰው እያወራ ድንገት ወደ ዘፈን ሲገባ አልችልም» ይላል። አልፈርድም። ብዙው ያሰለቻል። ይገናኛሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደግሞ ይዘፍናሉ። ዘፈኖቹን አውጥታችሁ ብትጥሏቸው ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም።

ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ («ጣሪያ ላይ ያለው ቫዮሊን ተጫዋች» እንደማለት ነው) ግን እንደዛ አይደለም። ዘፈኑን ካወጣችሁለት ፊልሙ ይፈርሳል። ለምን እንደምል ላስረዳ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንጨቃጨቅ።)

የ1971 ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ኖርማን ጁዊሰን። ቦታው በዛሩ ሩሲያ ሥር፣ በዛሬዋ ዩክሬን፣ አናቴቭካ የምትባል የልብ ወለድ የአይሁዶች መንደር። ጊዜው 1905። ቴቭዬ ወተት አዟሪ ነው። ድሃ ነው። ሚስቱ ጎልዴ ምላሷ አይጣል ነው። አምስት ሴት ልጆች አሏቸው። ፈረሱ ስላነከሰበት የወተት ጋሪውን ራሱ እየጎተተ ይዞራል። እየጎተተም ከፈጣሪ ጋር ያወራል። ጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ አጥር ላይ ቆሞ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚነታረክ ሰው ነው።

መንደሩ ውስጥ ልጅ የሚዳረው በአማላጅ ነው። የንቴ የምትባል አለች፤ ቤት ለቤት እየዞረች ወሬ ታቀብላለች፣ ባል ታመጣለች። የመጨረሻው ቃል የአባት ነው። ይሄ ለኛ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ከዚያ ሦስቱ ትልልቅ ልጆች በየተራ ይመጡበታል።

ጻይትል፣ የመጀመሪያዋ፣ ለሀብታሙ ሥጋ ሻጭ ለላዛር ዎልፍ ታጭታለች። አባቷ ጨርሶ መጥቷል፤ እጅ ተመታቷል፣ ተጠጥቷል፣ ተጨፍሯል። እሷ የምትወደው ግን አብሮ አደጓን፣ ድሃውን ልብስ ሰፊ ሞተልን ነው። አልቅሳ ትለምነዋለች። ሁለተኛዋ ሆድል ፐርቺክ የሚባል አብዮተኛ ተማሪ ይዛ ትመጣለች። እነዚህ ፈቃድ አልጠየቁም። «መርቀን፣ ባትፈቅድም እንጋባለን» ነው ነገሩ። ሦስተኛዋ ሐቫ ክርስቲያን ትወዳለች። ስትከለከል ሄዳ ታገባዋለች።

ቴቭዬ በየተራው ከራሱ ጋር ይሟገታል። «በአንድ በኩል እንዲህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ...» ይላል። ይህን ጊዜ አጠገቡ የነበሩት ፍቅረኛሞች ድንገት ሩቅ ሜዳ ላይ ቆመው ይታያሉ፣ ትንንሽ ሆነው። እሱ ብቻውን ያዜማል፣ ይቆጣል፣ ያመነታል። ሲወስን ወዲያው አጠገቡ ናቸው። በሦስተኛዋ ልጅ ላይም እንደ ልማዱ «በሌላ በኩል» ብሎ ይጀምራል። ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ሌላ በኩል የለም።

ያን ሙግት በተራ ንግግር ብታደርጉት ሰውየው አስተማሪ ይሆንባችኋል። ዜማው ስላለ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ እንዴት ቀልሎት እንደነበረ፣ አሁን ምን ያህል እንደከበደው በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ።

እዩትና ተመለሱ። መጨረሻውን አልናገርም።

ቤቲ_ጎተራ

ሦስት ሰዓት ነው እኮ የሚለው!! ሦስት ሰዓት! ምን በድዬህ ነው?

የድሮ_ፊልም

@ቤቲ_ጎተራ መሃል ላይ እረፍት አለው። ለሁለት ቀን ከፍለሽ እዪው። የመጀመሪያው ክፍል በሠርግ ነው የሚያልቀው። ከዚያ በኋላ ማቆም ካቃተሽ ግን እኔ የለሁበትም።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ያን «ሀብታም ብሆን» የሚለውን ዘፈን ቲክቶክ ላይ ነው የማውቀው። ሀብት የሚመኝ ድሃ። ምኑ ይገርማል?

የድሮ_ፊልም

@ቀጥታ_ተናጋሪ እስኪ ግጥሙን ልብ ብለህ ስማው። በረት ውስጥ ነው ያለው፣ ብቻውን ከከብቶቹ ጋር። መሃል ከተማ ትልቅ ቤት ይመኛል። ቤቱ ሦስት ደረጃ ይኖረዋል። አንዱ ወደ ላይ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ የረዘመ ወደ ታች ብቻ። ሦስተኛው የትም አያደርስም፤ ለጉራ ነው። ግቢው በጫጩትና በዳክዬ ይሞላል፤ እነሱ ሲንጫጩ መንገደኛው «እዚህ ሀብታም ይኖራል» እንዲል። ሚስቱ ትወፍራለች፣ አገጯ ይደረባል፣ ሠራተኞቿ ላይ ቀንና ሌሊት ትጮሃለች። ሰዎች ምክር ሊጠይቁት ይሰለፋሉ፤ መልሱ ልክ ይሁን ስህተት ግድ የላቸውም፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላቸዋላ።

እዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚያ ዜማው ይረጋል። ጊዜ ቢኖረኝ ይላል፣ ምኩራብ ገብቼ ብጸልይ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ቁጭ ብዬ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት በየቀኑ ለሰዓታት ብወያይ። ከሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ ነው ይላል። የሰውየው ምኞት ለካ ይሄ ነበር። ቲክቶክ ላይ ያለው ቁራጭ እዚህ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የሚያልቀው።

ጡረተኛው

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ይህን ፊልም የማየው ቴቭዬን ስለሚሠራው ስለ ቶፖል ብዬ ነው።

ሰውየው ፊልሙ ሲቀረጽ ዕድሜው 35 ነበር። አካሄዱን ተመልከቱ፤ ወገቡን ይዞ ሲቀመጥ፣ ትከሻው ሲወድቅ። አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው ትላላችሁ። ሚስቱን የሠራችው ኖርማ ክሬን በዕድሜ ትበልጠዋለች። ነፍሷን ይማር፣ ሲቀረጽ ካንሰር ይዟት ነበር፤ በ1973 አረፈች። እሱን እያወቃችሁ ስታዩት የጎልዴ ቁጣ ሌላ ይሆንባችኋል።

ፊልሙ የመጣው ከመድረክ የሙዚቃ ድራማ ነው። በ1964 ብሮድዌይ፣ የኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶች ሠፈር፣ መጀመሪያ ቴቭዬን የሠራው ዜሮ ሞስቴል ነው። ሰው ሁሉ እሱን ነበር የጠበቀው። ጁዊሰን ግን ለንደን መድረክ ላይ ቶፖልን አይቶ እሱን መረጠ። ሞስቴል ተቀየመ ይባላል፤ ቢቀየምም አይፈረድበትም። ግን ምርጫው ልክ ነበር ባይ ነኝ። ሞስቴል ቲያትር ቤት የሚሞላ ሰው ነው። ካሜራ ቅርብ ሲመጣ ያን ያህል አይፈለግም።

አንድ ላክልላችሁ። ጁዊሰን በስሙ ምክንያት («ጁ» በእንግሊዝኛ አይሁዳዊ ማለት ነው) የፊልም ድርጅቱ ኃላፊዎች አይሁዳዊ መስሏቸው ነበር። ጠርተው ሥራውን ሲሰጡት «አይሁዳዊ አይደለሁም እኮ» አላቸው። ካናዳዊ ፕሮቴስታንት ነበር። ለጊዜው ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሥራውን ግን አልቀሙትም።

ቤቲ_ጎተራ

ጋሼ እየቀለዱብን ነው? ያ ሽማግሌ 35? እኔ ነኛ ታዲያ አሮጊቷ 😭

ኔታንያ_ነኝ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ቶፖል እዚህ እንደ ተዋናይ ብቻ አይታይም ነበር፤ የሁሉም ቤት ሰው ነበር። በ2023 ሲያርፍ ቴሌቪዥኑ ሁሉ እሱ ነበር።

እናቴ ከጎንደር በኩል ነው የመጣችው። ፊልሙን አብረን ስናይ ቋንቋው አይገባትም፣ ከታች ያለውን ጽሑፍም አታነብም። እኔ እየተረጎምኩላት ነበር። የአርብ ማታውን ትዕይንት ስታይ ግራ ገባት። በየቤቱ ሻማ ይበራል፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ያዜማል። በነሱ መንደር ለሰንበት እሳት ይጠፋል እንጂ አይበራም ነበር። «እነዚህ ምን ዓይነት ናቸው?» አለች።

የሐቫ ነገር ሲመጣ ግን ልተረጉም ስል «ዝም በይ፣ ገብቶኛል» አለችኝ። በነሱ ጊዜ ጋብቻ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ነው። ከቤተ እስራኤል ወጥቶ ያገባ ሰው ደግሞ ከወገኑ ወጣ ማለት ነው። ጎልዴ ቄሱ ጋ ሄዳ ልጇ ማግባቷን ሰምታ ስትመለስ፣ በበረዶው ላይ እየሮጠች ቴቭዬን ስትፈልግ፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

የመጽሐፍ_ትል

ታሪኩ የደራሲው የሾለም አሌይኸም ነው፣ በይዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ የተጻፈ። ቴቭዬን መጻፍ የጀመረው በ1894 ነው፣ ለ20 ዓመት ገደማ እየመላለሰ ጽፎታል። ራሱም በ1905 ኪየቭ ውስጥ አይሁዶች ላይ ጭፍጨፋ ሲደርስ አገሩን ለቆ ወጥቷል። በ1916 ኒው ዮርክ ሞተ። ከ1881 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አይሁዶች ናቸው የተሰደዱት። ፊልሙ ላይ ያለው ፍርሃት ከዚህ የመጣ ነው።

መጽሐፉ ከፊልሙ ይልቅ ጨካኝ ነው። ጎልዴ ትሞታለች። ሞተልም ይሞታል። አራተኛዋ ልጅ ሽፕሪንጼ አንድ የሀብታም ልጅ ከድቷት ራሷን ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ሐቫ ደግሞ መጨረሻ ላይ ባሏን ትታ ወደ አባቷ ትመለሳለች። የሙዚቃ ድራማውን የጻፈው ጆሴፍ ስታይን ግን አልመለሳትም። ከባሏ ጋር ተዋት። ለኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ብትመለስ ኖሮ አባትየው ያለ ምንም ወጪ ነው የሚያሸንፈው።

ቤቲ_ጎተራ

ኧረ ስፖይለር!!! በናታችሁ ገና ግማሹ ላይ ነኝ

የመጽሐፍ_ትል

የነገርኩሽ መጽሐፉን ነው እህቴ። ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ አልተነፈስኩም።

ቤቲ_ጎተራ

እሺ። ሠርጉ ጋ ደርሻለሁ ለማለት ነው። ሰዎቹ ኮፍያቸው ላይ ጠርሙስ አቁመው ተንበርክከው የሚጨፍሩት ነገር ምንድን ነው?! ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ከዚያ ደግሞ ያ ፐርቺክ ወንድና ሴት የሚለየውን ገመድ አልፎ ሄዶ ሆድልን ለጭፈራ ያስነሳታል። ረቢው ኃጢአት ነው ወይ ሲባል ጨንቆት «በቀጥታ አልተከለከለም» የሚለው ነገር ገደለኝ 😂 በኋላ የመጡት ፈረሰኞች ግን... ትራሱን ቀዳደው ላባው ሲበተን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ነገ እቀጥላለሁ።

የድሮ_ፊልም

@ቤቲ_ጎተራ የጠርሙሱን ጭፈራ የፈጠረው ጀሮም ሮቢንስ ነው፣ የብሮድዌዩ ዳይሬክተር። የአጥባቂ አይሁዶች ሠርግ ላይ እየሄደ ይመለከት ነበር፤ አንድ ሰው ጠርሙስ አናቱ ላይ አድርጎ ሲቀልድ አይቶ ነው ወደዚህ ያሳደገው። ፊልሙም ከሱ ነው የወሰደው።

ቀጥታ_ተናጋሪ

እሺ አየሁት። ጨረስኩት። አሁን ልናገር።

አንደኛ፣ ሁለተኛው ክፍል ይጎተታል። ፐርቺክ አፉን በከፈተ ቁጥር ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛ፣ እናንተ ሁሉ የምታመሰግኑት ቴቭዬ ልጁ መንገድ ላይ ቆማ «አባባ፣ አባባ» እያለች ስትጮህ ጋሪውን እየጎተተ ጥሏት የሄደ ሰው ነው። ልብስ ሰፊውን ተቀበለ፣ አብዮተኛውን ተቀበለ፣ እዚህ ላይ ወግ ትዝ አለው? ልጁ እኮ ናት።

የድሮ_ፊልም

@ቀጥታ_ተናጋሪ በፐርቺክ ተስማምቻለሁ። የሱ ነገር በሆድል ነው የሚድነው። ሳይቤሪያ ታስሮ እሷ ልትከተለው ስትሄድ፣ በባዶ ሜዳ መሃል ባለችው ባቡር ጣቢያ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ የምትዘፍነውን አስበው። ባቡሩ ሲሄድ ቴቭዬ ወደ ላይ አይቶ «አደራ ጠብቃት፣ ሙቅ ልብስ መልበሷን እይልኝ» ዓይነት ነገር ይላል። ለፈጣሪ ነው የሚያዘው። እዚያ ላይ ሁሌ ይሸነፋል ልቤ።

በሐቫ ግን ፊልሙ «ልክ ነው» አላለም። ጥሏት ከመሄዱ በፊት ያለውን ዘፈን መልሰህ እየው። ትንሿ ወፌ እያለ ነው የሚጠራት። ሦስቱ እህትማማቾች ጭጋግ በመሰለ ብርሃን ውስጥ ሲደንሱ ያያቸዋል፣ ቫዮሊኑ ከኋላ፣ አንድ በአንድ ይሄዱበታል። የሚያወግዝ ሰው እንዲህ አያይም።

ኔታንያ_ነኝ

@ቀጥታ_ተናጋሪ ወንድሜ፣ ሠርጉን የበጠበጡት እነማን ናቸው? የሩቅ ሰዎች አይደሉም። እዚያው መንደር አጠገብ የሚኖሩ ናቸው፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ከቴቭዬ ጋር ተቃቅፈው የጨፈሩ። ፖሊስ አዛዡ ራሱ ወዳጁ ነው፣ «አንተ ደህና ሰው ነህ» ይለዋል፣ ከዚያ ትእዛዝ ነው ብሎ ዞር ይላል። ቴቭዬ የሐቫን ባል ፊየድካን ሲያይ አንድ መጽሐፍ የሚወድ ልጅ ብቻ አይደለም የሚታየው። ልክ ነው አላልኩም። ከየት እንደመጣ ነው የምልህ።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ገባኝ። ግን ፍርሃቱን የከፈለችው እሷ ናት። እሱ አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው። የኛ ቤት ሐቫ እኔ ነኝ። ዝርዝር አልገባም።

@ቀጥታ_ተናጋሪ እሱም ከፍሏል፣ እመነኝ። መጨረሻው አካባቢ ሐቫ ልትሰናበት ስትመጣ ቴቭዬ ቀና ብሎ አያያትም፤ ዕቃ ያስራል። ከዚያ ለጻይትል ብቻ በሹክሹክታ የሚላት ነገር አለ፣ እሷ ለእህቷ ጮክ ብላ እንድትናገርለት። ቃሉን አልጽፍም፣ ቤቲ ትቆጣለች። አባቴ ስልክ ሲደውል ለእህቴ ነበር የሚደውለው። «እዚያ ያሉት ደህና ናቸው?» ይላታል። «እዚያ ያሉት» እኔ ነኝ። ፊልም እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ ሲሠራው ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ቀጥታ_ተናጋሪ

@ሲልቨር_ስፕሪንግ እህቴ፣ አፌን ዘጋሽው። ያቺን ትዕይንት መልሼ አያታለሁ።

ያሬድ_ሠፈር

የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። ስለ ሙዚቃ ፊልም እያወራችሁ ስለ ሙዚቃው ማንም ምንም አላለም 🙄

ዜማው የጄሪ ቦክ፣ ግጥሙ የሼልደን ሃርኒክ ነው። ለፊልሙ ያሰናዳው ጆን ዊሊያምስ ነው። አዎ፣ የስታር ዋርሱ። የመጀመሪያ ኦስካሩን ያገኘው በዚህ ነው። ጣሪያው ላይ የምታዩት ሰውዬ እጁን ያንቀሳቅሳል እንጂ ቫዮሊኑ የአይዛክ ስተርን ነው፤ በዘመኑ ከነበሩት የዓለም ታላላቅ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዱ። መጀመሪያ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ብቻውን የሚጫወተውን ክፍል እለፉ እንዳትሉት። ጥሩ ስፒከር ካላችሁ ለሱ ሲባል ሰው ተዋሱ።

ሌላው ካሜራው ነው። ኦስዋልድ ሞሪስ የሴት ስቶኪንግ፣ ቡናማውን፣ ሌንሱ ላይ ወጥሮ ነው የቀረጸው። ያ አፈር አፈር የሚል ቀለም ከዚያ ነው የመጣው። እሱም ኦስካር አገኘበት። ሦስተኛው ኦስካር የድምፅ ነው። መንደሯ ደግሞ ዩክሬን ውስጥ አይደለም የተቀረጸችው፤ ያኔ ዩጎዝላቪያ በነበረው፣ ዛግሬብ አካባቢ ነው።

ቤቲ_ጎተራ

ጨረስኩት። ምንም አልልም ስለ መጨረሻው።

ግን ያ ቴቭዬና ጎልዴ «ትወጂኛለሽ ወይ?» እየተባባሉ የሚዘፍኑት! 25 ዓመት ተጋብተው። የተያዩት በሠርጋቸው ቀን ነው። እሷ መጀመሪያ ሆዱን ያመመው ነው የሚመስላት፣ ሂድ ተኛ ትለዋለች። ከዚያ ትቆጥራለች፦ 25 ዓመት ልብሱን አጥቤ፣ ምግቡን ሠርቼ፣ ቤቱን ጠርጌ፣ ልጅ ወልጄ፣ ላሟን አልቤ... ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው? በሙሉ ፊልሙ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ያኔ ብቻ ነው የመሰለኝ።

እኔም ባለቤቴን ጠየቅኩት። «ትወደኛለህ?» አልኩት። «ምን ገዛሽ?» አለኝ።

ጡረተኛው

@ቤቲ_ጎተራ ልጄ፣ የኔዋ ብትሰማ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ነው የምትለኝ።

ጆሴፍ ስታይን ያወራው የነበረ አንድ ነገር አለ። በ1967 ድራማው ቶኪዮ በጃፓንኛ ሲከፈት እዚያ ሄዶ ነበር። ጃፓናዊው አዘጋጅ «ለመሆኑ አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር ይገባቸዋል?» ብሎ ጠየቀው። «አሜሪካ የተጻፈ ነው እኮ፣ ለምን?» ሲለው፣ «እንዴ፣ ፍጹም የጃፓን ነገር ነው» አለው። እኛ ሽማግሌ ልከን ልጅ የምንድረው ምን እንበል!

የድሮ_ፊልም

@ጡረተኛው ጋሼ፣ ሽማግሌ ሲነሳ ላዛር ዎልፍ ቤት ያለችውን ጨዋታ አይርሱብኝ። ቴቭዬ የተጠራው ላሟን ሊገዙት መስሎታል። ሥጋ ሻጩ ስለ ጻይትል ነው የሚያወራው። «ዛሬ አንዷን ትላለህ፣ ነገ ሁለት ልትፈልግ ነው» ሲለው የላዛር ፊት! ሁለቱም ጨዋነት ይዟቸው ስም አይጠሩም። የኛ ሽማግሌዎችም ዙሪያ ጥምጥም ሲያወሩ አንድ ቀን ይሄ ይደርስባቸዋል እላለሁ።

አዲስ_ገባሁ

ሰላም፣ ክሩን አንብቤ ዛሬ ማታ ከልጆቼ ጋር ልናየው ነው። ትንሹ 7፣ ትልቋ 10። ችግር አለው?

የመጽሐፍ_ትል

ሁለተኛውን ክፍል አይችሉትም፣ ይተኛሉ። እስከ ሠርጉ አሳዪአቸው። የሕልሙን ትዕይንት ግን ዝለዪው። ቴቭዬ ጎልዴን ለማሳመን ውሸት ሕልም ያወራል፤ የሥጋ ሻጩ የሞተች ሚስት ፍሩማ ሳራ ከመቃብር ተነስታ እየበረረች ትመጣለች፣ ሙሽራዋን በሉሏ አንቃ ልትገድል። ትንሹ ሌሊት ያስቸግርሻል።

ቤቲ_ጎተራ

@አዲስ_ገባሁ አትዝለዪው!! የኔ የ8 ዓመቱ አሥር ጊዜ አስደገመኝ። አሁን አንሶላ ለብሶ አልጋ ላይ ቆሞ እየጮኸ ነው። የምትፈሪው የላባውን ትዕይንት ነው፤ ፈረሶቹ ሲመጡ ሪሞቱን ያዢ።